የመድኃኒት ልኬት፦ ሆሚዮፓቲ ምንድን ነው? ከባህል መድኃኒትስ በምን ይለያል?

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም በጄኔቫ ባካሄደው ስብሰባ እ.አ.አ ከ2025 እስከ 2034 የሚያገለግል የባህል ሕክምና ስትራቴጂ አጽድቋል። ስትራቴጂው ሀገራት የባህል ሕክምናቸውን በማስረጃ እንዲያጠናክሩና ደኅንነቱን እንዲቆጣጠሩ ያሳስባል። ይሁን እንጂ “የባህል”፣ “የተፈጥሮ” ወይም “አማራጭ” እየተባሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰባሰቡት ሕክምናዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእነዚህ መካከል በስሙ እየታወቀ በአሠራሩ ግን እምብዛም የማይታወቀው ሆሚዮፓቲ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዕፀዋት ሕክምና ጋር ይምታታል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለከተማ ነዋሪው የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.አ.አ በ2024 ዓመቱ ሳይጠናቀቅ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1 ሺህ 157 ሰዎችም ሕይወታቸው አልፏል። ኦሮሚያና አማራ ክልሎች ከፍተኛ ጫና ካረፈባቸው አካባቢዎች መካከል ነበሩ። ወባ በሰዓታት ልዩነት ሊያከፋ የሚችል በሽታ በመሆኑ፣ የሚወሰደው መድኃኒት ምን እንደያዘ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሆሚዮፓቲ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ከወባ መድኃኒት ነው።

የሆሚዮፓቲ መሥራች ሳሙኤል ሃነማን እ.አ.አ በ1755 በጀርመን ማይሰን ከተማ የተወለደ ሐኪም ነው። በዘመኑ የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች የበሽተኛን ደም በብዛት ያፈስሱ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጡ፣ ሜርኩሪ ያለበትን ውህድም ያስውጡ ነበር። ሃነማን ይህን አሠራር አጥብቆ ተቃወመ። እ.አ.አ በ1790 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን የጻፈውን የመድኃኒት መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም፣ ከደቡብ አሜሪካ ስለሚመጣውና ለወባ ትኩሳት ስለሚያገለግለው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት አነበበ። ጤነኛ ሳለ ቅርፊቱን በራሱ ላይ ቢሞክረው ወባ የያዘው ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ተሰማው። ከዚህ በመነሣትም ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ተመሳሳይ ሕመም ያለበትን ሰው ይፈውሳል ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሐሳቡን በ1796 ይፋ አደረገ፤ በ1810 ባሳተመው ኦርጋኖን በተሰኘው መጽሐፉም መልክ አስያዘው።

የሆሚዮፓቲ መሠረታዊ መርሆች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው “ተመሳሳይ በተመሳሳይ ይፈወሳል” የሚለው ነው። ለምሳሌ ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይንን ያስለቅሳል፤ አፍንጫንም ያዝረበርባል። በዚህ የተነሣ የሆሚዮፓቲ ባለሙያ ዓይኑ ለሚያለቅስና አፍንጫው ለሚፈስስ ጉንፋናም ከሽንኩርት የተዘጋጀ መድኃኒት ይሰጣል። ሁለተኛው መርህ ማቅጠን ነው፤ መድኃኒቱ በውኃ ወይም በአልኮል እየተበረዘና በኃይል እየተናጠ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል ይባላል። ሦስተኛው ደግሞ ሕክምናው በበሽታው ስም ሳይሆን በሰውየው ጠባይ ይመረጣል የሚለው ነው። ስለሆነም ባለሙያው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ኀዘን ሳይቀር ረዘም ላለ ጊዜ ይጠይቃል።

የክርክሩ ዋና ነጥብ ሁለተኛው መርህ ነው። በተለመደው የዝግጅት ስልት አንድ ጠብታ ከ99 የውኃ ወይም የአልኮል ጠብታዎች ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ድብልቅ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና ከ99 ጋር ይበረዛል። በሁለተኛው ደረጃ መነሻው ንጥረ ነገር ከ10 ሺህ አንድ እጅ፣ በሦስተኛው ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ጣና ሐይቅ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ እንደሚይዝ ይገመታል፤ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ የደረሰ መድኃኒት አንዲት ጠብታ በመላው ጣና ውስጥ ከመበተን የበለጠ የቀጠነ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ደረጃ በኋላ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘት ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ሠላሳ ጊዜ የተበረዘው ነው። ይህ ፈሳሽ ከወተት በወጣ ስኳር በተሠራ ክኒን ላይ ይንጠባጠብና ይደርቃል፤ ታማሚው የሚውጠውም ስኳሩን ነው። የሕክምናው ደጋፊዎች ውኃ የነካውን ነገር “ያስታውሳል” ይላሉ፤ ሆኖም ይህን አባባል በተደጋጋሚ ሙከራ ያረጋገጠ ልኬት አልተገኘም።

የሲንኮና ቅርፊት ጉዳይም በሌላ መንገድ ተፈትቷል። እ.አ.አ በ1820 ፈረንሳውያኑ ፔሌቲዬና ካቫንቱ ከቅርፊቱ ውስጥ ኪኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ቅርፊቱ ወባን የሚያድነው የወባን ስሜት ስለሚያመጣ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ኪኒን የወባውን ተሕዋሲ ስለሚገድል ነው። ለመግደል ደግሞ በደም ውስጥ በቂ መጠን ሊኖር ይገባል፤ ኪኒንን ማቅጠን የሚያድነውን ነገር ማስወገድ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰዎች በሆሚዮፓቲ ተፈወስን የሚሉት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የበሽታ ባሕርይ ነው። ጉንፋን በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ የወገብ ሕመምም አንዴ ብሶ አንዴ ይታገሣል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ቀን በመሆኑ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መሻሻል ለመድኃኒቱ ይቆጠራል። ሁለተኛው የጥሞና ምክክሩ ነው፤ የተደመጠ ታማሚ ይጽናናል፤ ተስፋም ሕመምን ያቀልላል። ይህ ለመደበኛው ሐኪምም ትምህርት የሚሆን በጎ ጎን ነው። ሦስተኛው ታሪካዊ ነው፤ በሃነማን ዘመን ደሙ እየፈሰሰ ከሚዳከም በሽተኛ ይልቅ ስኳር ውጦ የሚያርፈው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነበር።

እውነቱን ከግምት ለመለየት የሚያስችለው ማነጻጸር ነው፤ ግማሹ ታማሚ መድኃኒቱን፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን ይወስዳል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ አይነገረውም። ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.አ.አ በ2005 ባወጣው ጥናት 110 የሆሚዮፓቲ ሙከራዎች ከ110 የመደበኛ ሕክምና ሙከራዎች ጋር ተነጻጽረው፣ የሆሚዮፓቲው ውጤት ከባዶ ክኒን የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም በ2015 ሆሚዮፓቲ ውጤታማ መሆኑ በአስተማማኝ ማስረጃ የተረጋገጠበት አንድም የጤና ችግር የለም ሲል ደምድሟል። ፈረንሳይ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለሆሚዮፓቲ ከሕዝብ የጤና መድን ትከፍለው የነበረውን አቋርጣለች። በአንጻሩ ሕንድ ሕክምናውን ከባህል ሕክምናዎቿ ጋር በአንድ ሚኒስቴር ሥር አድርጋ በይፋ ታስተምራለች፤ ትሰጣለች። በመንግሥት መታወቅና በሙከራ መረጋገጥ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ጉዳዩ በከብት በረትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ግብርና ሕግ፣ አርቢዎች ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በፊት ለዕፀዋትና ለሆሚዮፓቲ ዝግጅቶች ቅድሚያ እንዲሰጡ ይደነግጋል። መነሻው በጎ ነው፤ ያለ ልክ የሚሰጥ መድኃኒት ተሕዋስያንን ያላምዳል። ሕጉ ግን ዝግጅቶቹ ለእንስሳው ዓይነትና ለበሽታው ውጤታማ እንዲሆኑ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ እንስሳው እንዳይሰቃይም ሕክምናው ሳይዘገይ እንዲጀመር ያዝዛል። እ.አ.አ እስከ 2014 በከብት፣ በአሳማና በዶሮ ላይ የታተሙ የሆሚዮፓቲ ሙከራዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከሙከራዎቹ የተወሰኑት በጎ ውጤት ቢያሳዩም በተመሳሳይ ሁኔታ ተደግመው ያልተረጋገጡ በመሆናቸው ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። የመድኃኒትን ብዛት ለመቀነስ አስተማማኙ መንገድ ክትባትን በወቅቱ ማስከተብ፣ በረትን ማጽዳት፣ ከማለብ በፊት እጅንና ጡትን ማጠብ እንዲሁም የታመመውን ቶሎ መለየት ነው።

የኢትዮጵያ አርሶ አደር የልኬትን ነገር ከሥራው ያውቀዋል። ፀረ ተባይ ያለ መጠኑ ቀጥኖ ቢረጭ ተባዩ አይሞትም። የገንዲ መድኃኒት ከብቱ ከሚገባው በታች ቢወጋ በሽታው ያገረሻል፤ ተሕዋሲውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ኮሶም ቢሆን ሲያንስ ትሉን አያወጣም፤ ሲበዛ ሰውን ይጎዳል።

ሆሚዮፓቲ ከዕፀዋት ሕክምና የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በዕፀዋት ሕክምና ውስጥ ሊለካና ሊፈተን የሚችል ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ በ1964 በዓድዋ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ነበሩ። ምሁሩ በታየው ነገር ብቻ አልረኩም፤ እንዶዱን በቤተ ሙከራ ፈትነው ቀንድ አውጣዎቹን የሚገድል መሆኑን አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። የአባቶች ዕውቀት ወደ ሳይንስ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

እጅግ የቀጠነ ክኒን በራሱ መርዝ ባይሆንም አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በጥቂት ደረጃ ብቻ የተበረዙ ዝግጅቶች እውነተኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.አ.አ በ2017 አንዳንድ የሕፃናት ጥርስ ማብቀያ የሆሚዮፓቲ ክኒኖች ቤላዶና የተባለውን መርዛማ ተክል ወጥ ባልሆነ መጠን ይዘው እንዳገኛቸው አስታውቋል። ትልቁ አደጋ ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2009 ሆሚዮፓቲ ለኤችአይቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወባና ለሕፃናት ተቅማጥ መታከሚያ እንዳይሆን አስጠንቅቋል። እነዚህ በሽታዎች ተስፋን እየጠበቁ አይቆሙም።

ስለዚህ የትኛውም መድኃኒት፣ ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የመጣም ይሁን ከመንደር አዋቂ የተገኘ፣ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ በውስጡ ምን አለ? መጠኑስ ስንት ነው? ካልወሰዱት ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ ታይቷልን? ትኩሳት የያዘው ሰው መልሱን እስኪያገኝ መቆየት የለበትም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። የታመመ ከብት ያለውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን ገልጦ መድኃኒቱን ሳይመረምር የሚውጥም ከጉዳት አይድንም።