በፎጣ ሥር የምንነጋገረውን ዋጋ በስልክ አንዘርግፈው

ባለፈው የሐጅ ሰሞን አንድ የማውቀው የበግና ፍየል ነጋዴ ደወለልኝ። ዕድሜው ከሃምሳ በላይ ነው፤ ስማርት ስልክ የያዘው በቅርቡ ነው። ልጁ ፌስቡክ ከፍቶ ሰጠው፤ የነጋዴዎች የዋትስአፕና የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥም አስገባው። ሰውየው ከባቢሌ ያሰባሰባቸውን በጎች ሲጭን ቪዲዮ ቀርጾ «ነገ ጠዋት ቶጎ ውጫሌ ነን» ብሎ ለጠፈ። በማግስቱ ሲደርስ ገዢዎቹ የበጎቹን ብዛትም፣ የተነሱበትን ቦታም፣ የሚደርሱበትን ሰዓትም አስቀድመው ያውቁ ነበር። ለመግዛት የቸኮለ አልነበረም። እሱ ግን ለመኖና ለውሃ በየቀኑ ይከፍላል። በሦስተኛው ቀን በሰጡት ዋጋ ሸጠ። «ማንም አልሰረቀኝም፤ ራሴ ነኝ የተናገርኩት» አለኝ።

ከዚያ «ከዚህ ነገር ልውጣ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። አትውጣ አልኩት። ማኅበራዊ ሚዲያ የሩቅ ገበያን ዋጋ በደቂቃ ያሳያል፤ ነጋዴውን ከአንድ ደላላ ወሬ ብቻ ነጻ ያወጣዋል። ነገር ግን ለእኛ ሥራ ግላዊነት ማለት የቤተሰብ ፎቶ መደበቅ ብቻ አይደለም። የነጋዴ መረጃ ካፒታሉ ነው፤ ካፒታሉን ደግሞ ማንም በአደባባይ አይዘረግፍም።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሶማሌ አካባቢ የቁም እንስሳት ገበያዎች የቆየውን ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደላሎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ እጃቸውን በፎጣ ወይም በሽርጥ ይሸፍናሉ፤ ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ። በዙሪያው የቆመው ሰው እንስሳውን ያያል፤ ጥርሱን፣ ላቱን፣ አቋሙን ይመለከታል፤ ዋጋውን ግን አያውቅም። አባቶቻችን የሚታየውንና የማይታየውን ለይተው ነበር ማለት ነው። ስልክ ላይም ደንቡ ይኸው ነው፤ እንስሳውን አሳዩ፣ ዋጋችሁን፣ መንገዳችሁን፣ ሰዓታችሁንና ሸሪካችሁን ደብቁ።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በግ እንደ ቡና ከረጢት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም። በየቀኑ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቂ ካላገኘ ይከሳል። ስለዚህ ድንበር ላይ ጊዜ የገዢው ወዳጅ ነው። ገዢው መቼ እንደደረሳችሁና ስንት እንስሳ ይዛችሁ እንደምትጠብቁ ካወቀ፣ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ጭነታችሁን ማሳየት ካለባችሁ ከሸጣችሁ በኋላ አሳዩ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ሰው መንገዱንና ሰዓቱን ሲለጥፍ ደግሞ አደጋው ከዋጋ ያልፋል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። አካውንት ስትከፍቱ መተግበሪያው ስልካችሁ ውስጥ የተመዘገቡትን ስሞችና ቁጥሮች እንድትፈቅዱለት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ «እሺ» ይላል። የእናንተ የስልክ ማውጫ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። «የሞያሌ ደላላ»፣ «የመተማ ሹፌር»፣ «ዱቤ ያለበት» ብላችሁ የመዘገባችኋቸው ሰዎች አሉበት። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። በመተማመን በሚሠራ ንግድ የሌላውን ሰው ቁጥር ያለ ፈቃዱ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፤ ስልኩ ስለጠየቀ ነውርነቱ አይቀርም። «አልፈቅድም» ብትሉ የምትፈልጉትን ሰው ቁጥር በእጅ ጽፋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ልፋቱ ትንሽ ነው።

አዲስ ገበያ የገባ ነጋዴ በመጀመሪያው ቀን አይገዛም፤ ዞሮ ያያል። እናንተም በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳትለጥፉ እነዚህን ጨርሱ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው የሚወስነውን ማስተካከያ ዝጉት። ዋትስአፕ ላይ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባችሁ እንደሚችል ለምታውቋቸው ሰዎች ብቻ ወስኑት፤ ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ቁጥራችሁን የማታውቁት አባል ሁሉ ሊያየው ይችላል። ለንግድ የተለየ ሲም ካርድ መያዝም አይከፋም። ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ እንጂ እንደ ፋይል አትላኩ፤ በፋይል ሲሄድ የተነሳበት ቦታና ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል። የንግድ ፈቃድ፣ የጤና ሰርተፊኬት ወይም መታወቂያ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይላካል እንጂ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ስማችሁና ቁጥራችሁ ያለበት ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ለማጭበርበሪያ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ፣ በአጭር መልእክት የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ለልጅም፣ ለደላላም፣ «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚልም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። ኮዱን ያገኘ ሰው በእናንተ ስም ለሸሪኮቻችሁ «ቀብዱን በዚህ ቁጥር ላኩ» ብሎ ይጽፋል። በቴሌብር፣ በኤም-ፔሳ ወይም በዛድ የተላከ ገንዘብን ማስመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከሸሪኮቻችሁ ጋር አንድ ስምምነት ይኑራችሁ፤ የሒሳብ ቁጥር የሚቀየረው በጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ ተሰምቶ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ግላዊነት በሽታ መደበቂያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ አገደች፤ እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። የዚያን ዘመን ኪሳራ የቀመሰ ነጋዴ አይረሳውም። መንጋችሁ ውስጥ ውርጃ ወይም ድንገተኛ ሞት ካያችሁ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ተናገሩ። ምርመራ ያልተደረገለትን የታመመ እንስሳ ቪዲዮ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ናሙና ሳይወስድ ወሬው ወደብ ይደርሳል፤ ጤነኛ መንጋ የያዘው ጎረቤታችሁም አብሮ ይከስራል። ለሚመለከተው አካል ሙሉውን ተናገሩ፤ ለገበያው ግን ያልተረጋገጠ አትናገሩ።

«ሁሉም ከደበቀ ግሩፑ ምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የትናንት የገበያ ዋጋ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የመኖ ዋጋ፣ የክትባት ዘመቻ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ይህን አካፍሉ። የነገው ጭነታችሁና የመጨረሻ ዋጋችሁ ግን የእናንተ ነው።

ሕግም አለ። ኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ የለጠፋችሁትን ዋጋ ነገ ጠዋት ከገዢው ጭንቅላት የሚያወጣ ሕግ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ የወጣም እንዲሁ።

ያ ነጋዴ አሁንም ግሩፑ ውስጥ አለ። በቅርቡ ሲደውልልኝ ስንት በግ እንደጫነ ጠየቅሁት። «ስንደርስ ታየዋለህ» ብሎ ሳቀብኝ።