የሽንት ቤቱ ዘንዶ

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሀያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፣ የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ ጢምም እንደ ነገሩ አለኝ። ሆኖም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት መሄድ ሲኖርብኝ የስልኬን ባትሪ አበራና ከሁሉ አስቀድሜ ቀዳዳውን አያለሁ። የዶርም ልጆች ውሃ መኖሩን የማረጋግጥ ይመስላቸዋል። (ውሃማ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን።) እኔ የማየው ዘንዶ እንዳለ ነው።

ልጁ ለቀቀ እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ያደግኩት ደሴ ነው። በ2003 ዓ.ም. ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የአክስቴ ልጅ «አናኮንዳ» የሚባለውን ፊልም በዲቪዲ ተከራይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ እነ ጄኒፈር ሎፔዝና አይስ ኪዩብ የሚሠሩበት ፊልም ነው። ዶክመንተሪ ሊቀርጹ በአማዞን ወንዝ የሚጓዙ ሰዎችን አንድ ግዙፍ ዘንዶ እየተከታተለ ይለቅማቸዋል። (ሰዎቹ የእኛው ሙያ ባልደረቦች መሆናቸውን የተረዳሁት አምና ነው። ዲፓርትመንት ከመምረጤ በፊት ቢነገረኝ ጥሩ ነበር።) እንግሊዝኛ ማናችንም አንችልም። የአክስቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ስለነበር ተርጓሚያችን እሱ ሆነ፤ ያልገባውን ከራሱ እየጨመረ ይተረጉምልናል። ዘንዶው ክፉውን ሰውዬ ከነነፍሱ ዋጠው። ቆይቶ መልሶ ተፋው። የተተፋው ሰውዬ ደግሞ ያ ሁሉ ልጋግ እላዩ ላይ እያለ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰ። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ቁጭ ብለናል። ተርጓሚያችን ይሄኔ «ይሄ ዘንዶ እኮ በቱቦ ነው የሚሄደው፣ ሽንት ቤት ውስጥ ሁሉ ይወጣል» አለን። ፊልሙ ውስጥ እንደዚህ የሚል ነገር የለም።

የግቢያችን ሽንት ቤት ለአምስት ተከራይ አንድ ነው፤ ከቤት ራቅ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ መብራት የሌለው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጨለማ ከሆነ እዚያ አልሄድም አልኩ። ውጤቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ፍራሼ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እናቴ «ውሸት እኮ ነው ልጄ፣ ፊልም ነው» ትለኛለች። አባቴ «ወንድ ልጅ ይፈራል እንዴ?» ይለኛል። ሁለቱም ክፋት አልነበረባቸውም። ነገር ግን እኔ የምፈራው ፊልሙን ሳይሆን ዘንዶውን ነበር። እናቴ ፊልሙ ውሸት ነው አለችኝ እንጂ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ አብራኝ ሄዳ አላሳየችኝም።

አሁን ሁሉን አውቃለሁ። አናኮንዳ የሚኖረው ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። መርዝ የለውም፣ ተጠምጥሞ ነው የሚገድለው። ሙቀትና ውሃ የሚወድ እንስሳ ስለሆነ የደሴ ብርድ አንድ ሌሊት አያሳድረውም። ያ ያየሁት ደግሞ ማሽንና ኮምፒዩተር የሠራው ነው። ይህን ሁሉ ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እግሬ ግን አልሰማም።

ለካ ብቻዬን አይደለሁም። ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንቶር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 153 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከመቶ ዘጠናው በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ያዩት ነገር ክፉኛ እንዳስፈራቸው ተናገሩ። ከመቶ 26ቱ ደግሞ ፍርሃቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አልለቀቃቸውም ነበር። የሻርኩን ፊልም «ጆውስ»ን በልጅነታቸው አይተው፣ ሻርክ የባሕር እንስሳ መሆኑን እያወቁ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት የሚፈሩ እንዳሉም ካንቶር በሌላ ጽሑፏ ገልጻለች። ሻርክ በሐይቅ ከተፈራ ዘንዶ በደሴ ጉድጓድ ቢፈራ ምን ይደንቃል! የእሷ ማብራሪያ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል የፍርሃትን ትዝታ ለብቻው ይይዛል፤ በኋላ የምንማረው ዕውቀት ያንን በቀላሉ አይፍቀውም። ከሰባት ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ «እውነት አይደለም» የሚለው ማጽናኛ እምብዛም አይሠራለትም። እቅፍ ማድረግ፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ የሚጠጣ ነገር መስጠት ይሻለዋል።

እዚህ ላይ «የድሮ ልጆችስ በአያ ጅቦና በጭራቅ ተረት አላደጉም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ እኔም አድጌበታለሁ፤ «ዝም በል፣ ጅቡ መጣ» ያልተባለ ልጅ ያለም አይመስለኝም። ልዩነቱ ግን አያቴ ተረት ስትነግረን ፊታችንን ታያለች። አንዳችን ከንፈሩን መንከስ ሲጀምር ጅቡን ቶሎ ገደል ትከተዋለች፣ ወይም ታስቀዋለች። ቤታችን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። ዘንዶው አፉን ከፍቶ ተስሏል፤ አንድም ቀን አልፈራሁትም፣ ጦሩ እላዩ ላይ ነዋ። ፊልም ግን ፊቴን አያይም። ዲቪዲውም ያየኝ አልነበረም፤ ማየት የሚችለው የአክስቴ ልጅ ነበር፣ እሱም አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

የሚያስፈራ ፊልም ይከልከል እያልኩ አይደለም። ዓርብ ማታ ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ስምንት ሆነን እየተጯጯህን እናያለን፣ ደስም ይላል። ያ ግን የራሴ ምርጫ ነው። የእኔ ነገር ሪሞቱን ከያዘው ሰው ጋር ነው። ሕግማ አለን፤ የ1999ኙ የብሮድካስት ዐዋጅም ሆነ እሱን የተካው የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ስለ ሕጻናት ጥበቃ ደንግገዋል። ሕጉ ግን ሳሎን ገብቶ ቻናል አይቀይርም።

ይህን በዲፓርትመንታችን ጽሑፍ ላይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1992 «ጎስትዋች» የሚባል ድራማ አሰራጭቶ ነበር። ቀድሞ የተቀረጸ ልብ ወለድ ነው፤ የቀረበው ግን ሕዝቡ በሚያውቃቸው በእነ ማይክል ፓርኪንሰን አቅራቢነት፣ መናፍስት አለበት ከተባለ ቤት የቀጥታ ስርጭት መስሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሐኪሞች ስለ ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ጻፉ። ፕሮግራሙን ካዩ በኋላ ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው የሚታይበትን ዓይነት የጭንቀት ሕመም አሳይተዋል። ያስፈራቸው መንፈሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ዜና መምሰሉ ጭምር እንጂ።

ዜና መምሰሉ እንዲህ ካደረገ ዜናው ራሱስ?

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ብዙው ሰው ወጥተን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተጠጋን። እህቴ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚያ ቤት ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፤ ሁላችንም ወሬ ጠምቶናል። የተቃጠለ መኪና፣ የወደቀ ሰው፣ የምታለቅስ እናት ይታያል። የጣቢያው ሰው አንዳንዴ «ለዕይታ የሚከብዱ ምስሎች» ይላል፣ ማስጠንቀቂያውን ለሰባት ዓመት ልጅ ማን ይተርጉምላት? እሷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። እናቴ ትራስ ላይ ጋደም ብላለች። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘንዶን አሥር ዓመት የተሸከምኩት እኔ፣ ቻናል እየቀያየርኩ የባሰውን ነበር የምፈልገው። ፊቷን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

ዘንድሮ ለእረፍት ቤት ስሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ። እራት ላይ ነን። የሁለት ሰዓቱ ዜና ሙዚቃ ሲጀምር እህቴ ሳህኗን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። እናቴ «ሁልጊዜ እንዲህ ናት፣ ተዋት» አለችኝ። ተከትያት ገባሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም» አለች። አንደበቴ ላይ የመጣው «አይዞሽ፣ ውሸት ነው» የሚለው ነበር። እንዴት ብዬ እላታለሁ? ውሸት እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። ደግሞስ ያን ማለት የተማርኩበት ሙያ ነው እንዴ?

ማታ ላይ «ሽንት ቤት አድርሰኝ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅባት ነበር። ባትሪዬን አብርቼ አብሬያት ወጣሁ፤ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ጉድጓዱን አየሁ። «ምን እያየህ ነው?» አለችኝ። የአናኮንዳውን ነገር ከነፍራሹ ነገርኳት። «ዘንዶ? ደሴ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የራሷን ግን እስካሁን አልነገረችኝም።