መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ አትስደቧት

አቦ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ታግሳችሁ አንብቡት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሁሉ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የተናደደበት ቀን አለው። እኔም አለኝ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ላሳድግ በክረምት ፕሮግራም ስማር (የት እንደሆነ ይቅር) የአንድ ኮርስ ውጤቴ «ኤንጂ» ሆኖ ቀረ። መምህሩ አስገብቻለሁ ይላል፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሲስተሙ ላይ የለም ትላለች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ጮህኩባት። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ይሄን ሲስተም ማንም አላሳየኝም እኮ። ጓደኛዬ ስትሠራበት አይቼ ነው የለመድኩት» አለችኝ። አፈርኩ።

አስተማሪው ለማስተርስ ይላካል፣ ለፒኤችዲ ይላካል። ይገባዋል። በ2016 ክረምት እኛም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ገብተን ሰልጥነናል። ያኔ የመዘገበን፣ አልጋ የሰጠን፣ ምግብ ያቀረበልን ማን ነው? የአስተዳደር ሠራተኛው። እሱንስ ማን አሰለጠነው?

«ስልጠና ሞልቷል» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። አዳራሽ ተሞላ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳ። አበል ያለው ስልጠና ሌላ ከተማ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የሚሄደው ኃላፊው ነው። መስኮቱን የሚከፍተው እሱ አይደለም!

ሕግም አልጎደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሠራተኛ የሚሰለጥነው ሥራውን በተሻለ ብቃት እንዲሠራና ለከፍ ያለ ኃላፊነት እንዲዘጋጅ ነው ብሎ ነበር። «በጀት የለም» እንዳትሉኝ። ሲስተሙን የሚያውቅ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ አጠገቧ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ የምን ሆቴል ኪራይ ያስፈልጋል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። እዚህ ድሬ የማስተምራቸው ልጆች ነገ በየዩኒቨርሲቲው ይመደባሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ። የልጁ ስም በአንዲት ፊደል ቢሳሳት፣ አንድ ውጤት ቢጎድል፣ የሚንከራተተው ልጁ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ተበድሮ ያስተማረ ወላጅ አለ።

ሠራተኛው ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም። ሰው አሰልፎ ስልኩን የሚነካካም አለ። ግን መጀመሪያ አሰልጥኑት፣ ከዛ ጠይቁት። እኔ ያላስተማርኩትን ፈትኜ ተማሪዬን ብጥለው፣ የወደቅኩት እኔ ነኝ።