ሐኪሙም ያፍራል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ጋዜጣችን ልከራከር የተነሣሁት ከሐኪሙ ጋር ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ገና ወደ ሕሙማን ክፍል እንደገባን፣ አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ስለ ሕመማቸው እንድጠይቅ ታዘዝሁ። ስለ ሳላቸው፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቅሁ። «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» የሚለውን ግን ዘለልሁት። ከአባቴ የሚበልጡትን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎ ታየኝ። መምህራችን መጥቶ ሆዳቸውን ቢዳስስ የሽንት ፊኛቸው እስከ እምብርታቸው ተወጥሮ ተገኘ። ፕሮስቴታቸው አብጦ መውጫውን ዘግቶታል፤ እንቅልፍ ያጡትም ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሲመላለሱ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ወገቤን ስላሉ ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። እኔም አራተኛው ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቤተሰብ ሐኪም ለመናገር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርቱ 3 ዓመት ይፈጃል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድ ሐኪም ቤተሰቡን ሁሉ ያውቅ ዘንድ ነው። ነገር ግን ከቤተሰቡ ውስጥ ለሐኪሙ የሚሠወረው ማን ነው? እናት ለእርግዝናዋ ክትትልና ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች፤ የሚጠይቃት ታገኛለች። አባት ቀጠሮ የለውም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሠራተኛዋ ቤት ስትደርስ እሱ እርሻ ላይ ነው፤ ቢገኝም የልጁ እኩያ ለሆነች ልጅ ምሥጢሩን አይነግራትም። ስለዚህ ራሱን አሞት የመጣ ዕለት፣ ያች ዕለት ብቻ ናት ያለችው።

የወንድነት ኃይል መድከምን እንውሰድ። በሐኪሞች ዘንድ እንኳ የሚሣቅበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይልቅ ቀጭን በመሆናቸው፣ የደም ሥር መጥበብ አስቀድሞ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ነው። የልብ ሕመም ዓመታት ቆይቶ ይከተላል። የስኳር በሽታም በዚሁ በር ሊገለጥ ይችላል። እንግዲህ ሐኪሙ አፍሮ ያልጠየቀው ጥያቄ ስለ መኝታ ቤት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በወጣቱም በኩል የዘር ፍሬ ሲጠመዘዝ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ የመዳን ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል፤ ልጁ ግን «ሆዴን ነው» እያለ ያድራል።

ፕሮስቴትን በሥዕል እናውቀዋለን። የጎደለን አጠያየቁ ነው። ስለ ሽንት ችግር በዓለም የሚሠራባቸው 7 ጥያቄዎች አሉ፤ ጠይቆ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እነዚህን ለአንድ የደብረ ብርሃን ገበሬ በእርስዎ እያሉ፣ ሳያሣፍሩና ሳያፍሩ፣ በአማርኛ መጠየቅ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እኅቶቻችን ሐኪሞች ዘንድማ ችግሩ ይብሳል። አየርላንድ ከ2008 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) የሚያገለግል የወንዶች ጤና ፖሊሲ አውጥታ፣ የጤና ሠራተኞች ወንዶችን እንዴት እንደሚቀርቡ የሚያስተምር ሥልጠናም አዘጋጅታለች።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳነሣ «እናቶች በወሊድ እየሞቱ ለወንድ ደግሞ ሌላ ድግስ?» ይሉኛል። ቁጣቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከእናቶች ላይ አልጋም መድኃኒትም ይቀነስ አላልሁም። ደግሞስ የአባላዘር በሽታውን ደብቆ ወደ ቤቱ የሚገባው ባል ማንን ነው የሚያሳምመው?

የምጠይቀው ይህን ነው። የቤተሰብ ሐኪሞች በሚሠለጥኑበት 3 ዓመት ውስጥ ለወንዶች ጤና የታወቀ ሰዓት ይመደብ፤ ሠልጣኙም መምህሩ እየሰማው ከአዛውንትም ከጎረምሳም ጋር ተነጋግሮ ይፈተን። እኛ ተማሪዎችም እስከዚያ ድረስ ጥያቄዎቹን በአማርኛ አዘጋጅተን እርስ በርሳችን እንለማመድ። በዚህ የምትተባበሩ የሕክምና ተማሪዎች ስማችሁን ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት እስከ ዓርብ ስጡ። ቋንቋ የሚያጠኑም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ «ፕሮስቴት» ለሚለው ቃል ባላገሩ የሚሰማው ስም እስካሁን አላገኘንለትም።