ሜትሩ ከ10 ሲጀምር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ መጋዝ እንዴት እንደሚሞረድ ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልክ ነው። ስለ ልክ ከመናገራችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን።

ያረፍንበት ቤት እማማ የጓዳቸው በር ወልቆባቸው ነበር። ሦስት የዋንዛ ጣውላ ቆጥ ላይ አላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያሰነጠቁት ነው። ዓመታት በጢስ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ በሩን ሥሩልኝ» አሉን። እኛም እሺ አልን። አናጺ እንጥራ ብንል ምን ነበረበት? አላልንም።

የያዝነው የጨርቅ ሜትር ጫፉ ተቀዷል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች የሉም። ስለዚህ ከ10 ጀምረን መለካት ነበረብን። መቃኑን ስንለካ 180 አነበብን። 10 ቀንሰን «170 ሳንቲ ሜትር» ብለን ደብተር ላይ ጻፍን። እስከዚህ ልክ ነን።

ከዚያ ወደ ጣውላው ሄድን። አንዳችን 10 ቁጥርን በጣውላው ጫፍ ያዘ። ሌላችን ደብተሩን አይቶ 170 ላይ በእርሳስ አሰመረ። ቆረጥን። ጣውላውን መቃኑ ውስጥ ስናቆመው ከላይ ብርሃን ታየ። እጅ ያስገባል! ጣውላው 160 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስናነብ 10 ቀንሰናል፤ ስንቆርጥ 10 መጨመር ነበረብን። 180 ላይ ማስመር ሲገባን ረሳነው። የመደመርና የመቀነስ አስተማሪዎች እኮ ነን።

እማማ አልተቆጡም። የተቆረጠውን ቁራጭ አንስተው በእጃቸው ዳሰሱት። «ይኼን ያሰነጠቀው እሱ ነበር» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

በማግስቱ ጎረቤት ያሉትን ሽማግሌ አናጺ ለምነን አመጣን። አባባ ሜትር አልያዙም። አንድ ቀጭን ሸምበቆ መቃኑ ውስጥ አቁመው ትክክል በሚሆንበት ላይ በቢላዋ ምልክት አደረጉ። ያንኑ ሸምበቆ በጣውላው ላይ አስተኝተው አሰመሩ። አለቀ። ቁጥር የለም፤ መደመር የለም፤ መቀነስም የለም። «ሜትር ገበያ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። በሩ እዚህ፣ ጣውላው እዚህ ሆኖ ምን ቁጥር አስፈለገ?» አሉን። ሁለቱን ጣውላ እንዲህ ቆረጡ። ያሳጠርነውን ከትርፉ ቁራጭ ቀጥለው በስፌቱ ላይ አግዳሚ መቱበት። ከውጭ አይታይም። ከውስጥ ግን ይታያል። እማማ በሩን በዘጉ ቁጥር ያዩታል።

አባባ ሲሠሩ የነገሩን ሌላም አለ።

መጋዝ እንጨት ይበላል። መሬት ላይ የሚወድቀው ሰጋቱራ ከየት መጣ? ከጣውላችን ነው። የእጅ መጋዝ በአንድ ቁርጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። 10 ሚሊ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አትርሱ። እንግዲህ 180 ሳንቲ ሜትር እንጨት ይዘን እያንዳንዱ 45 የሆነ አራት የጠረጴዛ እግር እናውጣ ብንል፣ በወረቀት ላይ ይበቃል። 4 ጊዜ 45፣ 180 ነውና። ነገር ግን ሦስት ጊዜ እንቆርጣለን። በየጊዜው 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ 9 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። የመጨረሻው እግር 44 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠረጴዛው ያነክሳል። ስለዚህ መጋዙን በመስመሩ ላይ ሳይሆን በትርፉ በኩል፣ መስመሩን አስጠግታችሁ አሂዱ። መስመሩ ከምትፈልጉት እንጨት ላይ ይቅር። አራቱንም በአንድ ጊዜ አታስምሩ፤ አንዱን ቆርጣችሁ ሌላውን ለኩ።

ሁለተኛውን እግር በአንደኛው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው፣ አራተኛውን በሦስተኛው የሚለካ ሰው አለ። ይኼም ጥፋት ነው። በየጊዜው የእርሳሱ ውፍረት ይጨመራል፤ ስህተት ስህተትን እየወለደ ይሄዳል። ሁሉንም በመጀመሪያው ለኩ። ከሰል ወፍራም ስለሚያሰምር የተቀረጸ እርሳስ ይሻላል። ክንድና ስንዝርም ቢሆን ለክቶ የሚቆርጠው አንድ ሰው ከሆነ ክፋት የለውም። ባል በክንዱ ለክቶ ሚስት በክንዷ ከቆረጠች ግን ጠብ ነው።

በርጩማ ሲነቃነቅ አንዱን እግር ትንሽ እንቆርጣለን። ያኔ ሌላው ይረዝማል። እሱንም እንቆርጣለን። እንዲህ ስንል በርጩማው ለሕፃን ይሆናል። (ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይነቃነቅም፤ የጥንቶቹ ያውቁ ነበር።) አራት እግር ካለው፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ ባጠረው እግር ሥር ስንጣሪ ሸጉጡ። በርጩማው ሲረጋ አንድ ትንሽ ቁራጭ እንጨት መሬት ላይ አድርጋችሁ፣ እርሳሱን በላዩ አስደግፋችሁ አራቱንም እግር ዙሪያውን አስምሩ። ከዚያ በመስመሩ ቁረጡ።

ማዕዘን መለኪያ የሌለው ሰው ሜትር ይበቃዋል። ከማዕዘኑ ጀምራችሁ በአንዱ ጠርዝ 60፣ በሌላው ጠርዝ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ከምልክት እስከ ምልክት 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ካነሰ ጠቧል፤ ከበለጠ ሰፍቷል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ዛሬ ቀጥ ብሎ ነገ ይጣመማል፤ በጥላ ሥር ሳይደርቅ አትንኩት።

የዚህ ሳምንት ጥያቄ፦ አንድ ጣውላ 2 ሜትር ነው። እያንዳንዱ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት መደርደሪያ ይቆረጥለታል። መጋዙ በየቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ትርፉ ስንት ነው? በደብተራችሁ ሠርታችሁ አምጡ። እማማም እየሠሩት ነው።