ቤት ከማስጌጥ ጣራ ማሳደስ ይቅደም

ሰው በዕድሜው ከሚያፈራው ጥሪት ሁሉ የሚበልጠው መኖሪያ ቤቱ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። በተለይም በአዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ ቤቱ መጠለያው ብቻ ሳይሆን የጡረታው ተስፋና ለልጆቹ የሚያቆየው ሀብት ነው። ስለሆነም ቤቱን አድሶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባዋልና፣ በዛሬው አምዳችን ይህንኑ ጉዳይ ልንመለከት ወደድን።

የምናውቃቸው አረጋውያን ባልና ሚስት የጭቃ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ልጃቸው ሰፈር ለመጠጋት ቆርጠው ነበር። ከዕቁብ በወጣላቸው ገንዘብ ላይ ሲመካከሩ፣ ወይዘሮዋ ያረጀው ቆርቆሮ እንዲለወጥ ፈልገው ነበር፤ አዛውንቱ ግን ገዥ አስቀድሞ የሚያየው ሳሎኑን ነው በማለት ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፉ፤ ኮርኒሱንም በጂፕሰም አሠሩት። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በዛገው ቆርቆሮ ቀዳዳ እየሰረገ አዲሱን ኮርኒስ አበላሸው። በመስከረም የመጣው ገዥ የሚያብረቀርቀውን ወለል አንድ ጊዜ ቃኘና ዓይኑን ወደ ላይ አነሣ፤ ከዚያም «እማማ፣ ክረምቱን እንዴት አሳለፉት?» ብሎ ከመጠየቅ በቀር ሌላ አልተናገረም። ወይዘሮዋ መልስ አላገኙለትም። ቤቱም ካሰቡት ዋጋ እጅግ ባነሰ ተሸጠ። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነ ቤት ገዥን እንደማያታልል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ የዕድሳት ወጪ የሚጀምረው ከግንበኛ ሳይሆን ከወረቀት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቶ፣ ዜጋው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ማሻሻያ ሙሉ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ካርታው የተሟላ መሆኑን፣ በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን፣ በቦታው ላይ መንገድ ወይም ሌላ የልማት ሥራ አለመታቀዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ይቀድማል። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍልም በሽያጭ ጊዜ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ስም የማዛወሩን ጉዳይ ሊያሰናክል ስለሚችል፣ ሳያስፈቅዱ አንዲት ክፍል እንኳ መቀጠል አይበጅም።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ገንዘቡ ወደ ጣራና ወደ መሠረት ይሂድ። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ያነሰው ጌጅ የወፈረው መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። ጣራው ተለውጦ አሸንዳ ካልተደረገለት፣ የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ሥር እየተኛ የባሕር ዛፉን ቋሚ ያበሰብሳል። የበሰበሰውን ቋሚ ለውጦ ግርጌውን በድንጋይና በሲሚንቶ ማጠንከር፣ ውኃውንም በቦይ ማራቅ ለቤቱ ዕድሜ ይጨምርለታል። በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ፣ ጭቃው እርጥበት ሲስብ እያበጠ ሲደርቅም እየተኮማተረ ስለሚሄድ፣ ሳይቆይ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ የተቀባ ቀለምም ተላጦ መውደቁ የማይቀር ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ክረምት ሳይገባ በበጋ ቢፈጸም ይመረጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ገዥ አጥብቆ የሚመረምረው ማድ ቤቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የውኃውንና የመብራቱን መስመር ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያልታየው የቤቱ ክፍል ሁሉ እንዲሁ የተጎዳ ነው የሚል ጥርጣሬ ያሳድሩበታል።

ለአብነት ያህል፣ ለዕድሳት ከተመደበው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውስጥ 45ቱን ለጣራ፣ ለመሠረትና ለውኃ ማስወገጃ፤ 25ቱን ለማድ ቤት፣ ለመጸዳጃ፣ ለውኃና ለመብራት፤ 15ቱን ለበርና መስኮት እንዲሁም ለቀለም ማድረግ ይቻላል። የቀሩት 15 ብር ሳይነኩ ይቀመጡ። አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ከውስጡ ምን እንደሚገኝ የሚያውቅ የለምና፣ ይህን ያላስቀመጠ ሰው ሥራውን በግማሽ አቁሞ ወደ ብድር ይሮጣል። ድርሻው እንደ ቤቱ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ቢልም ቅደም ተከተሉን ማፍረስ ግን አይገባም።

ደግሞም ለዕድሳት የወጣ ብር ሁሉ በሽያጭ ተመልሶ እንደማይገኝ መዘንጋት የለበትም። በሰፈሩ ያሉት ቤቶች ምን ያህል እንደሚያወጡ ሳይጠይቁ፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ልቆ ለመታየት መድከም ገንዘብን መበተን ነው። መሬት ባይሸጥም የቦታው ምቹነት በቤቱ ዋጋ ላይ መታየቱ አይቀርም፤ በአውራ መንገድ ዳር ያለን አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው አፍርሶ አዲስ ሊሠራ የሚያስብ እንደሆነ፣ የሳሎኑ ኮርኒስ ለእርሱ ከፍርስራሽ አይቆጠርም። እንዲህ ላለው ቤት ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ጣራውን ጠጋግኖና ግቢውን አጽድቶ መሸጥ ይበቃል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ የባልና የሚስት የጋራ ምክር ውጤት እንዲሆን አደራ እንላለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ደንግጓል። ለሽያጩ የሁለቱም ቃል ካስፈለገ፣ ለዕድሳቱ ወጪማ ይልቁንም ሊያስፈልግ ይገባል። ከላይ ያነሣናቸው ወይዘሮ ስለ ጣራው የተናገሩት ቃል በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ በመስከረም ለመጣው ገዥ የሚሰጡት መልስ ባላጡ ነበር። እኛም አንባቢዎቻችን የዕቁቡን ገንዘብ ለአናጢ ከማስረከባቸው በፊት፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ወጪያቸውን በወረቀት ላይ እንዲጽፉ፣ ከሁሉም አስቀድመው ቀና ብለው ጣራቸውን እንዲመለከቱ እንመክራለን።