የመተማ ዕዳ፦ የጥይታችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መጋቢት 1 በመጣ ቁጥር ዐፄ ዮሐንስን በጀግንነታቸው እናነሳለን፤ ይገባቸዋል። መተማ ድረስ ያደረሳቸውን ነገር ግን በግማሹ ነው የምንናገረው።

ነገሩ የጀመረው ከወደብ ነው። በ1876 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በተፈረመው ውል ዮሐንስ በድርቡሽ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ተስማሙ። በምላሹ ዕቃ፣ ጠመንጃና ጥይትም ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍላቸው ቃል ተገባ። ንጉሡ ድርሻቸውን ተወጡ፤ የጋላባት ጦር እንኳ የወጣው በኢትዮጵያውያን እርዳታ ነው። እንግሊዝስ? ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877፣ ጣሊያን ምጽዋን ሲይዝ አላስቆመችም።

ወደቡ ሄደ፤ የድርቡሽ ጠላትነት ግን ቀረልን። በ1880 ጎንደር ተቃጠለች፤ በ1881 ንጉሡ መተማ ላይ ወደቁ። ዕቃው ሳይደርስ ዋጋው በደም ተከፈለ።

ያ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ይቁጠር። በ1969 ሶማሊያ ስትወረን የታጠቅነው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር፤ ዋሽንግተን እጇን ሰበሰበች። ሞስኮ ተተካች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እሷም ዘጋች። በ1992 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1298 ለአንድ ዓመት ማዕቀብ ጣለብን። በ2014 መግቢያ አሜሪካ በመከላከያ ሽያጭ ላይ ገደብ አወጣች።

«አሁን ራሳችን እያመረትን ነው» ይሉናል። በ2017 የካቲት ስካይ ዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ፋብሪካ አልንቅም። ግን ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ መድፍ አስቀልጠዋል፤ ባለሙያዎቹ ግን የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው የመገጣጠሚያው አዳራሽ የት ነው አይደለም። ሞተሩ፣ ቺፑ፣ ካሜራው፣ የፈንጂው ጥሬ ዕቃ ከማን ይገዛል? ሻጩ ነገ «አይሆንም» ቢል ስንት ወር እንቆያለን? ፓርላማው ይህን በዝግ ስብሰባም ቢሆን ይጠይቅ። ካልጠየቀ ምን ይሠራል?

ሌላም አደጋ አለ። አቅራቢ የሚጎዳው ሲዘጋ ብቻ አይደለም፤ ሲከፍትም ነው። ከመተማ ድልድይ ማዶ ተመልከቱ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ሱዳን በባዕድ መሣሪያ ትነዳለች። ሁለቱም ወገን የሚተኩሰውን የሚያቀብለው እስካላጣ ድረስ ለድርድር አይቸኩልም። የራሱን ሕዝብ በልመና ሳይሆን በተገዛ ድሮን ማስገዛት የለመደ መንግሥትም እንዲሁ ነው፤ ፖለቲካ የሚጠይቀውን ችግር በግዢ ሊፈታ ይሞክራል።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? ዶላር ከሰማይ አይወርድም፤ ከቡና፣ ከወርቅ፣ ከዚሁ ከመተማ ሰሊጥም ነው የሚገኘው። ያንን ሰሊጥ የሚያመርተው ገበሬ እገታ ፈርቶ ማሳው መድረስ አቅቶታል። የጎንደር-መተማን መንገድ ለአንድ አይሱዙ ሹፌር ሰላም ማድረግ ያልቻለ ትጥቅ፣ ለማን ነው የተገዛው?

ሉዓላዊነት በምርቃት ሪባን አይለካም። ከራስ ሕዝብ ጋር መታረቅ ከየትኛውም ሻጭ ፈቃድ አይፈልግም፤ ማዕቀብም አይጣልበትም። ከዚያ እንጀምር።